የካርቱም መብራት

ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ የሚገናኙት በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ነው። የአገሩ ሰዎች መገናኛውን በዐረብኛ «አልሞግራን» ይሉታል። በክረምት ወራት ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ጥቁር ዓባይ አፈር ተሸክሞ ደፍርሶ ይደርሳል፤ ከታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ የሚመጣው ነጭ ዓባይ ግን ገርጣ ብሎ በዝግታ ይፈሳል። ሁለቱ ውኆች እንደ ተገናኙ ወዲያው አይዋሐዱም፤ ጥቂት መንገድ በአንድ ቦይ ጎን ለጎን ተጉዘው በኋላ አንድ ወንዝ ይሆናሉ። በዚህ ውኃ ዳርና ዳር የተቆረቆሩት ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ሰሜን ካርቱም እንደ አንድ ከተማ ተያይዘው የብዙ ሚሊዮን ሕዝብ መኖሪያ ለመሆን በቅተዋል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ጧት በዚህች ከተማ ተኩስ ተሰማ። ለሱዳናውያን የረመዳን ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀናት የቀሩበት፣ በከተማው ለሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የትንሣኤ በዓል ዋዜማ ነበር። በሱዳን የመንግሥት ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ ኃይል በሚባለው ጦር መካከል የተጀመረው ውጊያ ከጦር ሰፈር ወደ መኖሪያ ሰፈር ለመዛመት ጊዜ አልወሰደበትም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሰሜን ካርቱም የሚገኘው ትልቅ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ሥራ አቆመ። የኤሌክትሪክ መሥመሮች ተበጣጠሱ፤ ብዙ ሰፈሮች በጨለማ ተዋጡ፤ የውኃ መሳቢያ ሞተር ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ አይዞርምና ቧንቧዎች ደረቁ። ሁለት ታላላቅ ወንዞች በሚገናኙበት ከተማ ሕዝብ ባልዲና ጀሪካን ይዞ ውኃ ፍለጋ ተንከራተተ። አበው «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ያሉት ተረት በካርቱም በዐይን የሚታይ እውነት ሆነ።

ስለዚህች ከተማ መከራ ብዙ ሊባል ይቻላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ከመከራው አንድ ትምህርት መቅሰም ነው። ይኸውም አንድ አገር ኃይሉን ከየት እንደሚያገኝ መምረጡ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጦርነትና የሰላም ጉዳይ መሆኑ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ነዳጅ ዘይትም ሆነ ውኃ፣ ነፋስም ሆነ ፀሐይ፣ ምንጩ አንድ ብቻ ከሆነና ከጎረቤት ጋር በጽኑ ውል ካልታሰረ የሚያስተማምን ኃይል ሊሆን አይችልም።

ነገሩን ከቤት እንጀምረው። በገጠር የምትኖር ብልህ የቤት እመቤት ክረምት ሳይገባ ማገዶዋን ታሰናዳለች። ግንድ ታስፈልጣለች፤ ጭራሮ ትለቅማለች፤ ኩበት ጠፍጥፋ ታደርቃለች። አንዱ በዝናብ ቢርስ ሌላው ይነዳል። እሳቷ በጠፋ ጊዜም ጎረቤቷ ዘንድ ሄዳ ትጭራለች። ማገዶዋን ሁሉ ከወንዝ ማዶ የምታስመጣ ሴት ግን ወንዙ በሞላ ቀን ምጣዷ ቀዝቅዞ ይውላል። ከጎረቤቷ የተጣላችውም እሳት በጠፋባት ቀን የምትጭርበት ቤት የላትም። እንግዲህ የአገር ኃይል አያያዝም ከዚህ የተለየ አይደለም። መጀመሪያ ከወንዝ ማዶ ስለሚመጣው ማገዶ፣ ማለትም ስለ ነዳጅ ዘይት እንመልከት።

ነዳጅ ዘይት ከምድር ከርሠ ወጥቶ በቧንቧ፣ በመርከብና በቦቴ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን የሚጓዝ ሀብት ነው። በመንገዱ ላይ ያለ ጠብ ሁሉ የእርሱ ጠላት ነው። በ1959 ዓ.ም. በእስራኤልና በዐረብ አገሮች መካከል በተደረገው የስድስት ቀን ጦርነት ምክንያት የስዊዝ ቦይ ተዘግቶ እስከ 1967 ዓ.ም. ስምንት ዓመት ያህል ሳይከፈት ቆየ። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሁለተኛ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ነዳጅ አምራች የሆኑ የዐረብ አገሮች ነዳጃቸውን እንደ ጦር መሣሪያ ተጠቀሙበት፤ ዋጋውም በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አራት እጥፍ ገደማ አሻቀበ። ጦርነቱ የተካሄደው በሲና በረሓና በጎላን ኮረብታ ቢሆንም ንዝረቱ አዲስ አበባ ደረሰ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። ይህም ከመምህራኑ፣ ከተማሪዎቹና ከወታደሮቹ ጥያቄ ጋር ተዳምሮ የዘውዱን ሥርዓት ለጣለው አብዮት አንዱ መነሻ ሆነ። አብዮቱን የወለደው ቤንዚን ብቻ ነው ማለት አይደለም፤ የተከማቸውን ብሶት ለመለኮስ ግን በሩቅ አገር የተጨመረ ዋጋ በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

የወደብም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ግንቦት 1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ሲጀመር በአሰብ በኩል ይካሄድ የነበረው ንግድ ተቋርጦ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. አንሥቶም በየመን ያለው የሑቲ ንቅናቄ በቀይ ባሕር በሚያልፉ መርከቦች ላይ ጥቃት በመሰንዘሩ ብዙ የመርከብ ድርጅቶች አፍሪካን በደቡብ ጫፍ እየዞሩ ለመጓዝ ተገደዱ። መንገድ ሲረዝም ዋጋ ይጨምራል፤ ዋጋ ሲጨምርም የሚጎዳው ስለ ጠቡ ምንም የማያውቀው የሩቅ ገበሬና ሠራተኛ ነው።

«ነዳጅ ከገዛ ምድሩ የሚያወጣ አገርስ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ለዚህ ጥያቄ ከሱዳን የተሻለ መልስ የሚሰጥ አገር የለም። ሱዳን በ1991 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቧንቧ ነዳጅዋን ከደቡባዊው የአገሪቱ ክፍል እስከ ቀይ ባሕር አድርሳ ለዓለም ገበያ ማቅረብ ጀመረች። ከካርቱም በስተ ሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በአልጄሊ ከቻይና ጋር በሽርክና የተሠራው ማጣሪያም በ1992 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ቆይቶም ተስፋፍቶ በቀን 100,000 በርሜል ያህል ለማጣራት የሚችል ሆነ። ኢትዮጵያም ለአያሌ ዓመታት ከሱዳን ቤንዚን ስትገዛ ቆይታለች። በዚያ ዘመን ካርቱም በአዳዲስ ሕንፃዎችና ድልድዮች አጌጠች፤ ብዙዎችም የአገሪቱ ችግር የተወገደ መሰላቸው።

ይሁንና ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ነጻ መንግሥት ስትሆን ሱዳን ከነዳጅዋ ሦስት አራተኛውን ያህል አጣች። የነዳጁ ጉድጓድ በደቡብ፣ ቧንቧውና ወደቡ በሰሜን ቀሩ። በጥር 2004 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች በማስተላለፊያው ክፍያ ሳይስማሙ ቀርተው ደቡብ ሱዳን ነዳጅ ማውጣቱን አቆመች፤ ሦስት ወራት ሳይሞሉም በሄግሊግ የነዳጅ ሜዳ ላይ ተዋጉ። ይህ አልፎ የ2015ቱ ጦርነት ሲመጣ የአልጄሊ ማጣሪያ ገና በጠዋቱ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ወደቀ፤ የመንግሥት ሠራዊት በጥር 2017 ዓ.ም. መልሶ እስኪይዘው ድረስም ደጋግሞ ተመታ፤ ነደደ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳንን ነዳጅ ከሚያሻግሩት ቧንቧዎች ዋነኛው በጦርነቱ ቀጣና ውስጥ ተበላሽቶ የዚያች አገር ገቢ ክፉኛ ተጎዳ። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በፖርት ሱዳን የሚገኙ የነዳጅ ማከማቻዎች በሰው አልባ አውሮፕላኖች ተመተው ጢሱ ከሩቅ ይታይ ነበር። ጉድጓድ፣ ቧንቧ፣ ማጣሪያ፣ ማከማቻ፣ ወደብ፤ ሰንሰለቱ ከአንዱ ቀለበት ቢበጠስ ሌላው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ከዚህ በመነሣት «እንግዲያው ነዳጅን ትተን ወደ ውኃ እንሂድ፤ ውኃን ማንም አይዘጋብንም» የሚሉ አሉ። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። የኢትዮጵያ ወንዞች መነሻቸው ከራሷ ተራሮች ነው፤ ዝናቡን የሚያስከፍል ወደብ የለም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የህዳሴ ግድብ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኤሌክትሪክ አመነጨ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ይህ ሥራ የተገነባው ገበሬው፣ ወታደሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛውና ነጋዴው ቦንድ እየገዙ ባዋጡት ገንዘብ ጭምር ነው። ትውልዱ ሊኮራበት ይገባል።

ግማሹ እውነት ግን ሌላውን ግማሽ ሊሸፍን አይገባም። አንደኛ፣ ውኃ የሰማይ ጥገኛ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በግድቦች የተጠራቀመው ውኃ በመቀነሱ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክን በፈረቃ ለማደል ተገዳ ነበር፤ በብዙ ከተሞች ወፍጮ ቆመ፤ ዳቦ ቤት ተዘጋ። ሁለተኛ፣ ግድብን ጦርነት ይደርስበታል። በዓባይ ላይ የተሠራውና 1,250 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሱዳን የመረዌ ግድብ ከካርቱም ርቆ በበረሓ መካከል የሚገኝ ቢሆንም በጥር 2017 ዓ.ም. በሰው አልባ አውሮፕላኖች ተጠቅቶ ሰፊ አካባቢ መብራት አጥቷል። የግድቡ ግንብ አልፈረሰም፤ መፍረስም አላስፈለገውም። የማከፋፈያው ትራንስፎርመር መቃጠሉ ብቻ ከተሞችን ለማጨለም በቂ ነበር። ሦስተኛ፣ ወንዝ ድንበር ተሻጋሪ ነው። የነዳጅ ማከማቻ በአጥር ይከለላል፤ ወንዝ ግን ከአንዱ አገር ተነሥቶ የሌላውን ደጅ ሳይረግጥ ወደ ባሕር አይደርስም። ስለሆነም ግድብ የሠራ አገር ወደደም ጠላም ከጎረቤቱ ጋር አብሮ የሚኖርበትን ሕግ መፈለግ አለበት።

እዚህ ላይ ታሪኩን ማስታወስ ያሻል። በ1894 ዓ.ም. ብሪታንያ ከዐፄ ምኒልክ ጋር ባደረገችው ውል የወንዙን ፍሰት የሚገታ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ አስፈርማለች። በ1952 ዓ.ም. ግብጽና ሱዳን በዓመት 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ተብሎ የተገመተውን ውኃ ተከፋፈሉ። ለግብጽ 55.5 ቢሊዮን፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሲደረስ፣ 10 ቢሊዮኑ በትነት ይጠፋል ተብሎ ተተወ። ከውኃው አብዛኛውን የምትሰጠው ኢትዮጵያ ለውይይቱ አልተጠራችም፤ አንዲት ጠብታም አልተመደበላትም። ሱዳንም ብትሆን ለአስዋን ግድብ ሲባል የዋዲ ሐልፋ ከተማዋ በውኃ ተውጣ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ የኑብያ ተወላጆች ወደ ሌላ አካባቢ ተወስደዋል። ይህን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ «ውል» የሚለው ቃል ራሱ ጥርጣሬ ቢያሳድርበት አያስገርምም።

በዚህ የቂም ታሪክ መካከል ግን ካርቱም አንድ በጎ ቀን አላት። መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ፣ የግብጽ ፕሬዚዳንት አብደል ፋታህ አልሲሲና የሱዳን ፕሬዚዳንት ዑመር አልበሽር በከተማዋ ተገናኝተው አሥር መርሖዎችን የያዘ መግለጫ ፈረሙ። በመግለጫው መተባበር፣ ውኃን በፍትሐዊነት መጠቀም፣ ጉልህ ጉዳት አለማድረስ፣ መረጃ መለዋወጥና አለመግባባትን በሰላም መፍታት የሚሉት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። ኢትዮጵያ በወንዙ ጉዳይ እንደ ባለቤት ተቀምጣ የፈረመችው በመሆኑም ከቀደሙት ውሎች የተለየ ነው።

መርሖው ግን ወደ ዕለት ሥራ በሙሉ አልተተረጎመም። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ግድቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ ሲይዝ የወንዙ መጠን በመውረዱ በካርቱም አንዳንድ የመጠጥ ውኃ ጣቢያዎች ከሥራ ውጪ መሆናቸውን የሱዳን ባለ ሥልጣኖች አስታወቁ። በዚያው ክረምት ማለቂያ ደግሞ ወንዙ ሞልቶ ካርቱምን አጥለቀለቀ። በአንድ ክረምት የውኃ ማነስም መብዛትም የተፈራረቁባት ከተማ የምትፈልገው ነገር ግልጽ ነው፤ «ነገ ምን ያህል ውኃ ይመጣል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት ነው። ከታላቁ ግድብ በታች ያለው የሱዳን የሮዛሬስ ግድብ ከላዩ ካለው ባሕር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። በሮዛሬስ የሚሠራው መሐንዲስ በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ከላይ በሚመጣለት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከዘገየ በታች ያለው ገበሬ በጎርፍ ይወሰዳል ወይም መስኖው ይደርቃል።

መተማመን በጎደለ ጊዜም ነገሩ ከመሐንዲሶች እጅ ወጥቶ ወደ ጄኔራሎች እጅ ይሄዳል። በ2013 ዓ.ም. በአልፋሽቃ የድንበር መሬት ላይ የኢትዮጵያና የሱዳን ግንኙነት ሻከረ፤ በዚያው ዓመት የግብጽና የሱዳን ጦር ሠራዊቶች የጋራ ልምምድ አደረጉ፤ የግድቡም ጉዳይ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት ፊት ቀረበ። የሦስቱ አገሮች ድርድር በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ያለ ስምምነት ሲቋረጥ ካርቱም ራሷ በእሳት ውስጥ ነበረች። ጦር መምዘዝ ቀላል፣ ጦርን ወደ አፎቱ መመለስ ግን ከባድ መሆኑን የካርቱም ሕዝብ ከማንም በላይ ይመሰክራል።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ኢትዮጵያ አሁን፣ ግድቧን ጨርሳ በጥንካሬ በቆመችበት ጊዜ፣ የውኃ መረጃን ከሱዳን ጋር በየዕለቱ መለዋወጥን በጽኑ ውል ለማሰር ቀዳሚ መሆን ይገባታል። ከላይ የሚለቀቀው ውኃ መጠን፣ የባሕሩ ከፍታ፣ በዝናብና በድርቅ ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ በጽሑፍ ይስፈር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላልና፣ የዛሬዎቹ ባለሙያዎች መግባባት ለነገዎቹም እንዲተርፍ መጻፍ አለበት።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሁለት ወገኖች ይኖራሉ። የመጀመሪያዎቹ «ውል መግባት እጅን ማሰር ነው፤ የ1952ቱን ግፍ እናውቃለን» ይላሉ። ቁጭታቸው እውነተኛ ነው። ነገር ግን የ1952ቱ ውል ግፍ የሆነው ውል በመሆኑ ሳይሆን ባለቤቱን ሳይጠራ በመጻፉ ነው። ለክፉ ውል መድኃኒቱ ደግሞ በጎ ውል እንጂ ውል አልባነት አይደለም። በተጨማሪም ስለ ውኃው መናገር ሌላ፣ ውኃውን አሳልፎ መስጠት ሌላ ነው። ለጎረቤቱ «ነገ ይህን ያህል እለቃለሁ» ብሎ የሚያስታውቅ ሰው ከመብቱ የሚጎድልበት ነገር የለም፤ እንዲያውም ለሚነሣበት ክስ ሁሉ በእጁ ማስረጃ ይኖረዋል። ሁለተኛዎቹ ደግሞ «ሱዳን በጦርነት ታምሳለች፤ ከማን ጋር እንፈራረም?» ይላሉ። ይህም ከባድ ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ ወንዙ ጦርነት ነው ብሎ መፍሰሱን አያቆምም፤ የሮዛሬስም በር በውጊያ ጊዜ መከፈትና መዘጋት አለበት። ከሙሉው ውል በፊት በሁለቱ ግድቦች መሐንዲሶች መካከል የማይቋረጥ የቁጥር ልውውጥን ማጽናት ይቻላል። ሰላም እስኪመጣ መጠበቅ ግን ሰላም እንዳይመጣ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱን ማቆየት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

የጎረቤቱ ጉዳይ ይህ ነው። የማገዶውስ ዐይነት? አበው «አንድ እንጨት አይነድም» ብለዋል። ኢትዮጵያ በታላቁ ግድብ ብትኮራም በእርሱ ብቻ ልትመካ አይገባትም። በአዳማና በአሸጎዳ የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ በስምጥ ሸለቆ በአሉቶ የተሞከረው የእንፋሎት ኃይል፣ ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋው ፀሐይ ሁሉ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ዝናብ ባጠረ ዓመት ነፋስ ሊነፍስ ይችላል፤ ነፋስ በቆመበት ሰዓት ግድቡ ይሠራል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉም ከወንዝ ማዶ ለሚመጣው ማገዶ መፍትሔ ለመፈለግ ነው። እርምጃው ግን የሚጠቅመው የኤሌክትሪክ መሥመሩ አስተማማኝ ሆኖ ከከተማ ወደ ገጠርም ሲደርስ ነው። ኩራዝ የሚያበራ ተማሪ ባለበት አገር ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብቻ ማውራት ጣራውን ከግድግዳው በፊት እንደ መሥራት ይቆጠራል።

ኃይልን በትናንሽ ክፍል መበተንም ጥበብ ነው። በጦርነቱ መብራት ባጡ የሱዳን ሰፈሮች የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ያላቸው ቤቶች ስልክ ለመሙላትና የጉድጓድ ውኃ ለመሳብ ችለዋል። ትልቁ ማመንጫ ለፋብሪካና ለከተማ ይጠቅማል፤ ትንሿ የፀሐይ ሰሌዳ ደግሞ በክፉ ቀን የአንድ ጤና ጣቢያን መድኃኒት ከመበላሸት ታድናለች። ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አይጣሉም።

ከዚህ ሌላ፣ ኃይልን ከጎረቤት ጋር መካፈል ራሱ የሰላም ዋስትና ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ በኩል እስከ ገዳሪፍ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ መሥመር ኢትዮጵያ ለሱዳን ኃይል እንድትሸጥ አስችሏል። ወደ ጅቡቲና ወደ ኬንያም ተመሳሳይ መሥመሮች ተዘርግተዋል። ከኢትዮጵያ ግድብ የሚመጣ መብራት ልጁ የሚያጠናበት የገዳሪፍ ነዋሪ የግድቡን መጎዳት አይመኝም። ከሽያጩ የውጭ ምንዛሪ የምታገኘውም ኢትዮጵያ የሱዳንን ሰላም እንደ ራሷ ጥቅም ትመለከታለች። አንዱ ሲጠፋ ሌላው የሚጎዳበት እንዲህ ያለ ትስስር ከብዙ የወዳጅነት ንግግር ይልቅ ይጸናል። በእርግጥ ገመድ ብቻውን ጦርነትን አያስቀርም፤ ደቡብ ሱዳንና ሱዳን በአንድ ቧንቧ ተሳስረው ሳለ ተዋግተዋል። ልዩነቱ ያለው ክፍያውና ግዴታው አስቀድሞ በግልጽ መወሰኑ፣ ክርክር ሲነሣም የሚዳኝ መኖሩ ላይ ነው። ትስስር ያለ ውል የጠብ ምክንያት ይሆናል፤ ትስስር ከውል ጋር ግን ዘመድ ያደርጋል።

መተማን ለምሳሌ እንውሰድ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በዚያች ቦታ ነው፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሕዝብ አልቋል። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ በዚያችው መተማ የኤሌክትሪክ ገመድ ተሻገረ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከካርቱም እሳት የሸሹ ሱዳናውያን፣ በካርቱም ይኖሩ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ጋር፣ ልጆቻቸውን አዝለው በዚያው በር ገቡ። አንድ መንገድ ሦስት ጊዜ ሦስት ነገር አሳለፈ፤ ጦር፣ መብራትና ስደተኛ። ወደፊት በመንገዱ የሚያልፈው የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ተፈጥሮ ሳይሆን የሰው ምርጫ ነው።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ወጣት ነገ መሐንዲስ፣ ዲፕሎማት፣ መምህር ወይም ገበሬ ሊሆን ይችላል። ምናልባትም አንድ ቀን በግድቡ ላይ ቆሞ የውኃውን መጠን የሚመዘግበው እርሱ ወይም እርሷ ትሆናለች። ያን ጊዜ የሚጻፈው ቁጥር ተራ ቁጥር አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። ቁጥሩ በሰዓቱ ከደረሰ በታች በኩል ያለ የማይታወቅ ሰው በር ይከፍታል፤ በካርቱምም አንዲት እናት ቧንቧዋን ስትከፍት ውኃ ታገኛለች። ሁለቱ ዓባዮች በአልሞግራን ጎን ለጎን ሲሄዱ ቆይተው በመጨረሻ እንደሚዋሐዱ ሁሉ፣ በወንዙ ራስና በወንዙ ወገብ የሚኖሩት ሕዝቦችም ሊዋሐዱ ባይችሉ እንኳ ጎን ለጎን በሰላም መጓዝ ይችላሉ። የካርቱም መብራት ተመልሶ ሲበራ የኢትዮጵያም ደጅ ይበራል፤ የጎረቤት እሳት ቤትን ሲያቃጥል አደጋ፣ በምድጃ ሲነድ ግን የሚጫር በረከት ነውና።